የጠፋው ክላስ እና የስም ጠቡ

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲስተም የሚያሻሽል ፕሮግራመር ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ኮዱ ላፕቶፑ ላይ ሠርቷል። ኮምፓይል ሲደረግም አንድ ቅሬታ አላሰማም። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን ግን ገጹ አልከፈት ይላል፤ ሎጉም «ክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» ብሎ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ያወርዳል። የጠፋው ክላስ ሙሉ ስም «ጃቫክስ ፐርሲስተንስ» ብሎ ይጀምራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው ይደውላል፦ «ትናንት ጨርሻለሁ አላልከኝም እንዴ?»

በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ጥያቄ የሚመጣው የልጁን ችሎታ በመጠራጠር ነው። ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ከኮዱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ መስመር ላይኖር ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ የጠፋውን ነገር ያቀርባል ተብሎ የታሰበው ማን ነበር?

ጃቫ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ቆጠራ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ነው፤ የተጠቀሱት ክላሶች መኖራቸውን በፕሮግራመሩ ኮምፒዩተር ላይ ያረጋግጣል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሲነሣ ነው፤ ያኔ የሚታየው ሰርቨሩ ላይ ያለውና ከፕሮግራሙ ጋር ታሽጎ የተላከው ብቻ ነው። በመሐል አንድ ጃር ፋይል ከቀረ የመጀመሪያው ቆጠራ ያልፋል፣ ሁለተኛው ይወድቃል።

ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የጃቫ ፐርሲስተንስ ለዚህ ጣጣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ሁለት አካል አለውና። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ደንብ ምን መሠራት እንዳለበት የሚናገር ውል ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠሩት እንደ ሃይበርኔትና ኤክሊፕስሊንክ ያሉ ላይብረሪዎች ናቸው። ዋይልድፍላይን የመሰለ ሙሉ ሰርቨር ውሉንም ሠራተኛውንም ይዞ ይመጣል። ቶምካት አንዱንም አይዝም። ስለዚህ ዋይልድፍላይ ላይ የተሞከረ ፕሮግራም ቶምካት ላይ ሲጫን፣ ወይም ሜቨን ውስጥ «ይህን ሰርቨሩ ያቀርበዋል» ተብሎ የተተወ ላይብረሪ ቶምካት ላይ ሲፈለግ፣ አቅራቢ የለም።

እስከዚህ ያለው የሙያው የቆየ ወግ ነው። ከ2019 ወዲህ የመጣው ግን ከፕሮግራመር ጠረጴዛ ላይ አልተነሣም።

ኦራክል ሰን ማይክሮሲስተምስን የጠቀለለው እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ነው፤ ጃቫም አብሮ መጣለት። በ2017 የጃቫን የድርጅት እትም ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ ወሰነ። ኮዱን ሰጠ። «ጃቫ» የሚለውን የንግድ ምልክት ግን አልሰጠም። ለእትሙ በድምፅ አዲስ ስም ተመረጠለት፦ ጃካርታ። (ከተማዋ ጃካርታ ጃቫ በምትባለው ደሴት ላይ ናት፤ ቀልዱ የገባው ገብቶታል።) የቀረው የክላሶቹ የቤተሰብ ስም ነበር። «ጃቫክስ» የሚለውን መጠሪያ አዲሱ ባለቤት እንዴት ይጠቀምበት በሚለው ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲደራደሩ ከርመው፣ በግንቦት 2019 ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ስምምነት አለመገኘቱን ይፋ አደረገ። በአሮጌው ስም ያለው እንዳለ ይቆያል፤ በዚያ ስም ሥር ግን የሚጨመርም የሚለወጥም ነገር አይኖርም።

ውጤቱ በ2020 መጨረሻ የወጣው ጃካርታ 9 ነው። በዚህ እትም ውስጥ ይህ ነው የሚባል አዲስ አገልግሎት አልነበረም። ዋናው ለውጥ ስም ነው፦ «ጃቫክስ ፐርሲስተንስ» የነበረው «ጃካርታ ፐርሲስተንስ» ሆነ፣ «ጃቫክስ ሰርቭሌት» የነበረውም እንዲሁ።

ለኮምፒዩተር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዲፕሎማው ላይ ስሙ በአንድ ፊደል ተለይቶ የተጻፈበት ሰው ፓስፖርቱን ይዞ መስኮት ላይ ሲቀርብ ምን እንደሚገጥመው ያየ ይገባዋል። ሰውየው አንድ ነው፣ ፎቶው አንድ ነው፤ ጸሐፊዋ ግን «ይሄ አንተ አይደለህም» ትለዋለች። ጃቫም ክላስን የሚያውቀው በሙሉ ስሙ ነው። የቤተሰብ ስሙ ከተለወጠ፣ ውስጡ ያው ቢሆንም፣ ሌላ ሰው ነው።

የንግድ ምልክት ባለቤት መብቱን ማስጠበቁ ሕጋዊ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን የክላስ መጠሪያ የሱቅ ታፔላ አይደለም። ሌሎች ለሃያ ዓመት በኮዳቸው ውስጥ የጻፉት፣ ራሱ የስሙ ባለቤት ጻፉት ብሎ ያስተማራቸው አድራሻ ነው። ኦራክል ያንን አድራሻ ክፍት ማድረግ ይችል ነበር፤ አላደረገም። ወጪውንም የሸፈኑት ድርድሩ ላይ ወንበር ያልነበራቸው ናቸው። በኤክሊፕስ በኩል ስሙን ቀስ በቀስ ከመለወጥ ይልቅ አንድ ጊዜ በጅምላ መለወጡ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የሚያም ጥርስ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አይነቀልም።

ሕመሙ የሚብሰው ግማሽ ተሻግረው በቆሙት ላይ ነው። ቶምካት 9 አሮጌውን ስም ያውቃል፣ ቶምካት 10 አዲሱን። ስፕሪንግ ቡት 2 በአሮጌው ነው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 በአዲሱ። ስፕሪንግ ቡት 3 ላይ ከቆመ ፕሮግራም ውስጥ አሮጌውን ስም የሚጠራ አንድ የተረሳ ላይብረሪ ካለ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚጮኸው እሱ ነው። «ጃቫክስ» የሚለውን ሁሉ ፈልጎ በ«ጃካርታ» መተካትም አያዋጣም፤ «ጃቫክስ ኤስኪውኤል» እና «ጃቫክስ ኔሚንግ» የመደበኛው ጃቫ አካል ስለሆኑ ስማቸው አልተነካም። የፐርሲስተንስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያሉት ስሞች ደግሞ ተራ ጽሑፍ በመሆናቸው ኮምፓይል ሲደረግ ማንም አያያቸውም። ጭራሽ ዝም የሚል ስሕተትም አለ፦ በአሮጌው ስም ምልክት የተደረገበት ክላስ ለሃይበርኔት 6 ሲሰጠው፣ ክላሱ አልጠፋም፤ ሃይበርኔት ግን የዳታቤዝ ክላስ አድርጎ አይቆጥረውም።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የጃቫ ሥራ ነው፤ ዳታቤዙን በሃይበርኔት ያነባል፣ ቶምካት ላይ ይነሣል። ስሪት 42 ቶምካት 10ን ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በቶምካት 9 ይሠሩ ነበር። ስሪቱን የሚያሻሽል ባለሙያ ሰርቨሩንም አብሮ መቀየር አለበት ማለት ነው። በአንድ የንግድ ምልክት ላይ የተነሣ አለመግባባት ስንት ጠረጴዛ ዞሮ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወርሃዊ ሪፖርት ደጃፍ ላይ እንደደረሰ ልብ ይሏል።

ታዲያ ሲስተም የሚያሠሩ ተቋማት ምን ይጠይቁ? ፕሮግራሙን ብቻ ተረክቦ መፈረም አይበቃም። የትኛው ላይብረሪ በየትኛው ስሪት እንደገባ የሚያሳየው የሜቨን ፋይል ከኮዱ ጋር ይሰጥ። መሞከሪያው ሰርቨር ከዋናው ጋር በስሪት አንድ ይሁን። ማሻሻያ የራሱ በጀትና ቀን ይኑረው፤ በፕሮግራመሩ እንቅልፍ አይከፈል። ለሚደውለው ኃላፊም አንድ ምክር፦ «ለምን አልሠራም?» ከማለት ይልቅ «ሎጉ ላይ ‹ኮዝድ ባይ› የሚለው የመጨረሻው መስመር ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያው መስመር ጩኸቱ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ታች ነው።

«ከሠራ አትንካው» የሚሉ አሉ፤ የሌሊቱን ትዕይንት ላየ ሰው አባባሉ አያስቅም። ግን የመጨረሻው የአሮጌው ስም እትም የሆነው ስፕሪንግ ቡት 2.7 ነፃ ጥገና ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አቁሟል። ያልተነካው ሲስተም ከዚያ ወዲህ ለሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ቀዳዳውን ይዞ ይኖራል።