ሞተሩ እየዞረ አልነሣም ሲል

ስለ አውቶሞቢል ሕመም በቤተ ሰብ ገጽ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን መኪና ያለው ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መኪናው በቆመ ቀን የሚጐድለው ለቀለብና ለልጆች ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያረጀውን ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤተ ሰብ ግዴታ ሆኗል።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አማታችንን ለዓይን ሞራ ሕክምና ወደ ሐኪም ቤት ልናደርስ ተነሣን። ቀጠሮው ብዙ ወራት የተጠበቀ ነበረ። እርሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ፤ እኛም የአሮጌይቱን ቮልስዋገን ቁልፍ አዞርን። ሞተሪኖው በኀይል አዞረ፤ ሞተሩ ግን አልያዘም። ደጋግመን ብንሞክር ያው ሆነ። ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ባትሪ ነው» ብለው ፈረዱ። በስልክ የጠየቅነው አንድ ባለጋራዥ ደግሞ መኪናይቱን ሳያያት «ሞተሪኖው መለወጥ አለበት፤ ገንዘቡን ይዘው ይምጡ» አለን። ሰዓቱ እየሄደ ነበርና አማታችንን በኪራይ መኪና ሰደድናቸው፤ ከዚያም ለልጆች መመዝገቢያ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ከሣጥን አወጣን።

ባለቤታችን ገንዘቡን በእጃችን ባየች ጊዜ፣ «ሞተሪኖው ቢሞት ኖሮ ይህን ያህል ይጮኽ ነበርን? እስቲ ድምፁን ስማው» አለችን።

ቃሏ አሳፈረን። በችሎት ጸሓፊነት ይህን ያህል ዘመን የኖርን ሰዎች፣ በገዛ ደጃችን ባትሪውንና ሞተሪኖውን ያለ ምስክር ልንቀጣ ነበርና።

ባትሪ ሲደክም ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ይዞራል፤ ወይም አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። ፈጥኖና ሳያቋርጥ የሚዞር ሞተር ግን ለባትሪውም ለሞተሪኖውም መልካም ምስክር ነው። እንግዲህ ጉድለቱ የሚፈለገው ከሌላ ስፍራ ነው። የቤንዚን ሞተር ለመነሣት የሚሻው ከአየር ጋር በልክ የተቀላቀለ ቤንዚን፣ ያንን አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር፣ በጊዜውም የሚደርስ የእሳት ብልጭታ ነው። ማታ በደኅና የገባች መኪና ጧት አልነሣም ብትል፣ አስቀድመው የሚጠረጠሩት ቤንዚኑና ብልጭታው ናቸው።

ከሁለቱ የትኛው እንደ ጐደለ የሚናገረው ካንዴላው ነው። ከብዙ ማዞር በኋላ ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ቢሆን፣ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነውና ሰልባትዮው፣ ማጣሪያው፣ ፖምፓውና ካርቡራተሩ ይመረመራሉ። (የቤንዚን መለኪያው ቀስት ግን አንዳንድ ጊዜ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ በእርሱ ብቻ አይታመኑ።) እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቢሸት፣ ቤንዚኑ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል። የእኛው እርጥብ ነበረ።

ብልጭታውን መፈተን ለለመደ ሰው የሚተው ሥራ ነው። ኮይል ከሚባለው ዕቃ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት ይበልጣል፤ የፈሰሰ ቤንዚንም ባለበት አንዲት ብልጭታ ቤት ታቃጥላለች። ስለዚህ በሰፈራችን ያለውን አንድ ወጣት መካኒክ ጠራን። እርሱም ከኮይሉ ብርቱ ብልጭታ እንደሚወጣ፣ ከካንዴላው ግን ምንም እንደማይደርስ አሳየን። እንግዲህ እሳቱ የጠፋው በመካከል ነው። ዲስትሪቢዩተር የተባለውን እሳት አከፋፋይ ክዳኑን ቢያነሣው፣ ውስጡ በክረምቱ እርጥበት አልቦት ተገኘ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፤ ካንዴላዎቹንም አደረቀ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አማታችንን ልናመጣ በቮልስዋገኗ ሄድን። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ነበረ። «ልጄ፣ ባትሪው ስንት ወሰደብህ?» አሉን። እኛም «አንዲት ጨርቅ ብቻ ናት፣ እማማ» ብለን በኩራት መለስን።

ኩራታችን ግን አንድ ሌሊት እንኳ አልዋለም፤ በማግሥቱ ጧት መኪናይቱ ደግሞ አልነሣም አለች። መካኒኩ ክዳኑን በፀሐይ ብርሃን ቢያገላብጠው፣ እንደ ጠጕር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘበት፤ እርጥበት ሲገባበት እሳቱ በዚያ ይሾልክ ኖሯል። አዲስ ክዳን ከመርካቶ ገዛን፤ ዋጋውም ለሞተሪኖ ከተጠየቅነው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። የልጆቹ ገንዘብ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው ጥቂት ነገር አለ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አያዙሩ፤ በመካከሉም ያሳርፉ፤ ያለዚያ በደኅናው ሞተሪኖ ላይ እውነተኛ ጥፋት ይደርሳል። ካርቡራተር ያላት መኪና ቤንዚን ከበዛባት ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉአት፤ ከዚያም የቤንዚን መርገጫውን ሳያነሡ እስከ ታች ረግጠው ያዙሩ። በካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን በእጅ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ ነበልባሉ ወደ ፊት ይመለሳልና።

በአዲሶቹ መኪናዎች ካርቡራተርም ሆነ ይህን የመሰለ ክዳን የለም። በብዙዎቹ ቁልፉ ሞተሩን ሳያዞር ሲከፈት፣ ለ2 ሴኮንድ ያህል ከሰልባትዮው በኩል የፖምፓው ጕርምርምታ ይሰማል። ዝም ካለ አስቀድሞ ፊውዙ ይታይ። በሰሌዳው ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም የሚል እንደ ሆነ ግን መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ሊሆን ይችላልና፣ ትርፉን ቁልፍ አምጥተው ይሞክሩት።