ቆርቆሮ ቤትና ነፋስ



የሣር ክዳን እየቀረ፣ የቆርቆሮ ክዳን በየገጠሩ እየበዛ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ አያሳልፍም። በየጥቂት ዓመቱ ሣር አጭዶ መክደን ይቀራል። እሳትም እንደ ሣር አይበላውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ሌላም እውነት አለ። ቀን ፀሐይ ሲመታው ቤቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ዝናብ ሲጥል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። ጢሱስ? ድሮ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር። አሁን ግን በቆርቆሮው ሥር ታፍኖ ይቀራል። የእናቶችን ዓይን ያቃጥላል። የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል።

ታዲያ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው ወይስ የአሠራሩ? በዛሬው ጽሑፋችን በሩቅ አገር ይህን ጥያቄ የመለሱ አንድ ባለሙያ እናስተዋውቃችኋለን።

ሰውየው አቶ ግሌን መርከት ይባላሉ። ሙያቸው አርክቴክት ነው። አርክቴክት ማለት ቤት ከመሠራቱ በፊት አስቦ በወረቀት ላይ የሚነድፍ ባለሙያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ተወለዱ። የልጅነታቸውን የመጀመሪያ ዓመታት ያሳለፉት በኒው ጊኒ ገጠር ነው። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ፣ በሲድኒ ከተማ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ቢሮው ትንሽ ነበር። ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን ሠሩበት። ቤት የሚያሠራ ሰው ተራውን መጠበቅ ነበረበት። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አይደል የሚባለው?

አውስትራሊያ ውስጥ ገበሬዎች የበግ ጠጉር የሚሸልቱበትን ዳስ በቆርቆሮ ይሠሩ ነበር። ብዙ የከተማ ሰው ቆርቆሮን የጎተራ ዕቃ አድርጎ ነበር የሚያየው። አቶ መርከት ግን አልናቁትም። ቀላል ነው፤ ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይገኛል፤ የሚያውቀው መኖሪያ ቤት ሊሆን ይችላል አሉ።

በ1975 ኬምፕሲ በምትባል ከተማ አጠገብ ለወይዘሮ ማሪ ሾርት የገጠር ቤት ነደፉ። ቦታው ውኃ የሚተኛበት ነው። ስለዚህ ቤቱን በእንጨት እግር ላይ ከመሬት ከፍ አደረጉት። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በጣሪያው አናት ላይ የሞቀ አየር የሚወጣበት ክፍት ቦታ ተዉ። በላዩ ላይ ዝናብ እንዳይገባ መሸፈኛ አለው። በግድግዳው ላይ ደግሞ ሊከፈቱና ሊዘጉ የሚችሉ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ተደረደሩ። ሲሞቅ ሰሌዳው ይከፈታል፤ ነፋስ ይገባል። ሲበርድ ይዘጋል።

ምሥጢሩ ይህ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ መውጫ ካገኘ ይሄዳል። በታች በኩል ቀዝቃዛ አየር ይተካዋል። መውጫ ካጣ ግን ታፍኖ ቤቱን ያግላል። ለጢስም እንዲሁ ነው።

በ1994 ሌላ ቤት ሠሩ። ቦታው ዪርካላ ነው። ዪርካላ በሰሜን አውስትራሊያ ባሕር ዳር ያለች የአገሬው ነባር ሕዝብ መንደር ናት። ቤቱ የተሠራው ማሪካ ለምትባል ሠዓሊና ለቤተ ሰቧ ነው። በዚያ አገር ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ከባሕር የሚነሣውም አውሎ ነፋስ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ለመስኮቶቹ መስተዋት አላደረጉም። ግድግዳው ወደ ላይ የሚከፈት ሳንቃ ነው። ጣሪያው ላይም የነፋሱ ግፊት የሚወጣበት ቱቦ አለ። ነፋሱን ከመታገል ይልቅ መንገድ ሰጡት።

በ2002 አቶ መርከት የፕሪትዝከር ሽልማት ተሰጣቸው። በዓለም ላይ ለአርክቴክቶች ከሚሰጡት ሽልማቶች ይህን የሚበልጥ የለም ይባላል። ሰማይ የሚነካ ፎቅ አልሠሩም። በትንሽ ቢሮ ሆነው የሠሩት በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ነው።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ቤታቸውን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። ለቆላ የሚስማማው ለደጋ አይሆንም። በደጋ የጧት ፀሐይ ትፈለጋለች። በቆላ ጥላ ይፈለጋል። እሳቸው ከመንደፋቸው በፊት የሚጠይቁትን ግን እኛም መጠየቅ እንችላለን። ፀሐይ በየት ትወጣለች? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ጎርፉ በየት ይወርዳል?

ይህን ለማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቤት በምትሠሩበት ቦታ ላይ አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላውን ጧት፣ ቀትርና ማታ ተመልከቱ። በአገራችን በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የጧትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በጎን ትገባለች። ሙቀት በሚበዛበት አገር የቤቱን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ቢል ጥላ ይሆናል፤ የጭቃውንም ምርጊት ከዝናብ ያድናል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢኖር ሙቀቱም ጩኸቱም ይቀንሳል።

ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉት። በሩን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን፣ የጢስ መውጫውን በወረቀት ላይ ንደፉ። አናጢውን ጥሩና አሳዩት። ምድጃው አጠገብ የምትውለው እናት ናትና እሷም ትናገር። ቆርቆሮ ለመግዛት በሬ የሚሸጥ ሰው አለ። በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል። የቆመ ግድግዳ ለማፍረስ ግን ሌላ በሬ ያስፈልጋል።

ለውይይት፦
1. በቤታችሁ ጢሱ በየት ይወጣል?
2. በሰፈራችሁ ነፋስ በብዛት የሚነፍሰው ከየት ነው?
3. ቤታችሁን እንደገና ብትሠሩ በሩን ወደ የት ታዞሩት ነበር? ምክንያቱን በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፉ።