ልጆቻችን ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ተነሥተው በጌልገላ ተተከሉ። ምክንያቱንም እግዚአብሔር በኢያሱ በኩል ገልጿል፤ ወደፊት ልጆች የድንጋዮቹን ነገር አባቶቻቸውን ሲጠይቁ፣ አባቶች የዮርዳኖስ ውኃ በታቦቱ ፊት እንዴት እንደ ተቋረጠ ይነግሯቸው ዘንድ ነው (ኢያ. 4፥1-7፣ 20-24)። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ድንጋዩ ብቻውን አያስተምርም። ልጁ ከድንጋዩ ፊት ቆሞ መጠየቅ፣ አባቱም አብሮት ቆሞ መመለስ አለበት። ጠያቂው ወይም መላሹ ከጎደለ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በእኛ ዘንድ ድንጋዩ አልጠፋም። በሲ.ኤም.ሲና በዙሪያዋ የምንኖር ምእመናን ቤታችን ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ነው። በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ። በእንጦጦ ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ደጋግሞ ያየ፣ እንጦጦ ማርያምን ግን ከመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቅ ስንት ልጅ አለ? በየካ ተራራ ሥር ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ዋሻ ሚካኤልን ያልተሳለመስ? ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ማንም ከድንጋዩ ፊት አላቆማቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ቅዱሳትና ታሪካዊ ቦታዎችን መጎብኘት ለማኅበራትና ለትምህርት ቤቶች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይገባም። ቤተሰብ ራሱ አቅዶ፣ ልጆቹን በቤት ከሚያስተምረው ትምህርት ጋር አያይዞ ሊፈጽመው የሚገባ ሥራ ነው።

በቤት ማስተማር ስል ልጅን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ማስቀረት ማለቴ አይደለም። እንደ አሜሪካ ባሉ ሀገራት ሕጉ ስለሚፈቅድ ልጆቻቸውን ሙሉ በሙሉ በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ፤ ለእነርሱም ይህ ሐሳብ ይጠቅማል፤ በተለይ ክረምት ሲሆን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሀገር ቤት ለሚመጡት። እኔ ግን የምናገረው ልጁ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ስላለው ስለ ሌላው ትምህርት ነው። ኦሪት ዘዳግም ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል በቤት ተቀምጠውም በመንገድ ሲሄዱም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ያዝዛል (ዘዳ. 6፥6-7)። ቤትና መንገድ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ተጠቅሰዋል። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍም በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፤ ጌታችንም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ አብሯቸው ወጣ (ሉቃ. 2፥41-42)። መዝሙረኛውም ለሚመጣው ትውልድ እንነግር ዘንድ ጽዮንን እንድንዞራት፣ ግንቦቿንም እንድንቈጥር ይመክራል (መዝ. 47፥12-13)። ዞሮ ያላየ ምን ይነግራል?

የአባቶቻችን የአብነት ትምህርትም መንገድ ነበረበት። ድጓን የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋምን የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ በየመንደሩ ሲያልፍ ትምህርቱን ከቦታው፣ ቦታውንም ከመምህሩ ጋር አያይዞ ይይዘዋል። እኛ ዛሬ ቦታውን ከትምህርቱ ለይተን ትምህርቱን በስልክ፣ ቦታውን በፎቶግራፍ አስቀርተነዋል።

ማኅበራት የሚያዘጋጁት መንፈሳዊ ጉዞስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። የማኅበር ጉዞ መልካም ነው፤ ብዙዎች በእርሱ ተጽናንተዋል፤ ገዳማትም ተረድተውበታል። ነገር ግን ለልጅ የተሰናዳ አይደለም። አውቶቡሱ ሌሊት ይነሣል፤ ልጁ በመንገድ ይተኛል፤ ሲደርስ በሕዝብ መካከል ቆሞ ለዐዋቂ የተዘጋጀ ስብከት ይሰማል፤ ጥያቄ ቢኖረው የሚጠይቅበት ጊዜ ሳያገኝ መመለሻው ይደርሳል። ብዙ ወላጆች ይህን ስለሚያውቁ ልጆቻቸውን ቤት ትተው ይሄዳሉ። እንዲህ ሲሆን አባትና እናት ይባረካሉ፤ ልጁ ግን የቴሌቪዥን ጠባቂ ሆኖ ይውላል።

ሌላው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለችም፤ ልጆችን ለታሪክ ብለን ብንወስዳቸው ጎብኚዎች እንጂ ምእመናን አይሆኑም ይላል። ይህ ስጋት ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ግን አለመውሰድ አይደለም፤ ሥርዓቱን አስቀድሞ መውሰድ ነው። መጀመሪያ መሳለምና መጸለይ፣ ቀጥሎ መጠየቅና መስማት፣ ፎቶግራፍም ከተፈቀደ በመጨረሻ ይሁን። ልጅ ይህን ቅደም ተከተል ከወላጆቹ ካየ ሙዚየምንና መቅደስን ለይቶ ያድጋል።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከቅርቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ጉዞዎችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ዋሻ ሚካኤል ነው። ከሲ.ኤም.ሲ ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱ ግን ስለሚያደክም በክረምት ጭቃ ሳይሆን ከጥቅምት ወዲያ ባለው በጋ፣ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር በጠዋት መውጣት ይገባል። ልጆች ላሊበላ ሩቅ እንደ ሆነ ሰምተዋል፤ ዐለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ የማነጽ ጥበብ ግን ከሰፈራቸው በላይ ባለው ተራራ ላይ እንዳለ ሲያዩ ይደነቃሉ። ጣሪያው መፍረሱንም ያያሉ። ቅርስ ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መምህር የለም።

ሁለተኛው እንጦጦ ነው። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተቀብተዋል። በግቢው ያለው ሙዚየም የነገሥታቱን አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ይዟል። ከዚያ ወደ ቅዱስ ራጉኤል መዝለቅ ይቻላል። ከተራራው ላይ ከተማዋን ቁልቁል እያሳዩ፣ ቤተ መንግሥቱ ከብርዳማው ተራራ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ስለ ወረደ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ተቈረቈረች መንገር ቀላል ነው። ዙሪያውን የሞላው ዛፍ ስሙ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ ባሕር ዛፍ የተባለው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው።

ሦስተኛው ከመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ የሚደረግ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ከሠራዊቱ ጋር የዘመተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ነገር እዚህ ይነገራል። ከካቴድራሉ ጥቂት ርቀት ላይ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለወራሪው አልገዛም ብለው በጥይት የተገደሉት የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ወደ ስድስት ኪሎ ስንወጣ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት እናገኛለን። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የከተማይቱ ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨፍጭፏል።

አራተኛው ደብረ ሊባኖስ ነው፤ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል የሰማ ልጅ ቦታውን ያያል። ነገር ግን ሦስተኛውን ጉዞ የተጓዘ ልጅ ሌላም ነገር ይገባዋል። ግራዚያኒ በዚያች ቦምብ ሰበብ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የገዳሙን መነኮሳትና ዲያቆናት አስፈጅቷል። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በስድስት ኪሎ የተጀመረው ታሪክ በደብረ ሊባኖስ ሸለቆ ሲደመደም ልጁ ታሪክ የተበታተነ የቀናት ዝርዝር አለመሆኑን ያስተውላል። ለዚህ ነው ጉዞ በዕቅድና በቅደም ተከተል ይሁን የምለው።

ዐቅም ያለው ቤተሰብ በቡታጅራ መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ሄዶ ከመሬት በታች የተፈለፈለችውን ቤተ መቅደስ ቢሳለም፣ በዚያው መንገድ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን መልካ ቁንጡሬንና የጢያን ትክል ድንጋዮች በአንድ ቀን ማሳየት ይችላል።

አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ያልጠቀስሁት ረስቼ አይደለም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በደረሰው ጦርነትና ግጭት ብዙ ቤተሰብ እነዚህን ቦታዎች ለልጆቹ ማሳየት አልቻለም። በዚያ ያሉ ወንድሞቻችን ከመከራው ሳይወጡ እኛ ስለ ጉብኝት ማሰባችን ከባድ ነው። ሆኖም አንድ ትውልድ ርስቱን በዓይኑ ሳያይ እንዳያድግ ያስፈራል። የሩቁ መንገድ እስኪከፈት የቅርቡን ማሳየት፣ ስለ ሩቁም በቤት መጸለይና ማስተማር ይገባናል። ወደ ደብረ ሊባኖስም ቢሆን ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ የወላጅ ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ጉዞው ከመሆኑ አንድ ሳምንት በፊት በቤት ይጀመር። በማታ ጸሎት ጊዜ የቦታው ታሪክ በአጭሩ ይነገር፤ ታላቁ ልጅ ሦስት ጥያቄ ይጻፍ፤ ታናሹ መንገዱን በወረቀት ይሣል። ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ደውሎ ማን ሊያስረዳ እንደሚችል፣ ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ፎቶግራፍ መፈቀዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀኑ የጾም ከሆነ ስንቁ የጾም ይሁን፤ ነጠላና ለሙዳየ ምጽዋት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከልጁ እጅ አይጥፋ። በቦታው ሲደርሱ ወላጅ ብቻ አይናገር፤ ልጁ የጻፈውን ጥያቄ ለካህኑ ወይም ለአስረጂው ራሱ ያቅርብ። ከተመለሱ በኋላ ልጁ ያየውን ለአያቱ ወይም ቤት ለቀረ ሰው ይተርክ። የተረከው ይቀርለታል።

ወጪው አያስፈራን። ዋሻ ሚካኤል የታክሲ ሒሳብና የእግር ጉዞ ነው። ለሩቁ ሦስትና አራት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ሚኒባስ ቢከራይ ይቀላል። በየሳምንቱ ውጡ አላልሁም፤ በዓመት አራት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ለልጆች እውነቱን እንንገራቸው። ዋሻ ሚካኤልን የአካባቢው ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይወስደዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ብዙዎቻችን ልጁ እንዳይጠራጠር ብለን አንዱን ብቻ እንነግረዋለን፤ ወይም ቦታውን እናከበርን መስሎን ማንም ያልነገረንን እንጨምራለን። በዩኒቨርሲቲ የምናየው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመምህሩ ወይም ከጓደኛው ሲሰማ የሚጠራጠረው ስለ አንድ ሕንፃ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ወላጆቹና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስለ ነገሩት ሁሉ ነው። አባቶች እንዲህ ያስተምራሉ፣ አጥኚዎች እንዲህ ይላሉ ብሎ በቤት የሰማ ልጅ ግን አይናወጥም። እምነታችን በአንድ ሕንፃ ዕድሜ ላይ አልቆመምና እውነትን ልንፈራ አይገባም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህ ለወላጆች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ብዙ አባቶችና እናቶች እሑድን ጨምሮ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም ታሪኩን ለማንበብ ዕድል አላገኙም። በየቤቱ ታናናሾች ያሏችሁ እናንተ ናችሁ። የመንደራችን ስም እንኳ በአንድ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ምሕጻረ ቃል የተጠራ መሆኑን ስንቱ ታናሽ ያውቃል? ከዚህ ትንሽ ነገር ጀምሩ። ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቍረጡ፤ ጎረቤታችሁ ያለውን፣ ይዞት የሚሄድ የሌለውን ልጅም ጨምሩ።

ተራራው ከደጃችን ነው። ልጆቻችን ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁን የምንመልሰው እንዲኖረን፣ አስቀድመንም ከድንጋዩ ፊት እንድናቆማቸው የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።