ዝናባችንን እኛው እንለካ



በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከላይኛው መንገድ ተንደርድሮ ታችኛው ሰፈር ቤት ውስጥ መግባቱን ማናችንም አንረሳውም። የአንዱ እህል ራሰ፣ የሌላው ግድግዳ ተናደ። ማኅበራችንም ቦይ እንዲሠራልን ለማመልከት ሦስት ሽማግሌዎች መርጦ ወደሚመለከተው ክፍል ላከ። እዚያም «ዝናቡ ስንት ነበር? ስንት ቀን ዘነበ?» ተብለው ተጠየቁ። ሽማግሌዎቻችን «ኧረ ጉድ ነው የዘነበው!» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን «ጉድ» ቁጥር አይደለምና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ከመካከላችን ዝናቡን የለካ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

«ይህ እኮ የሜትሮሎጂ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሆኖም አንድ ጣቢያ የሚለካው ባለበት ቦታ የወረደውን ነው። በእኛ ደጋ ደግሞ ጋፋት ላይ ዶፍ ሲወርድ ገበያው ደረቅ ሆኖ የሚውልበት ቀን አለ።

እኛን የመሰሉ ሰዎችም ይህንን ሥራ ሠርተው አሳይተዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በዚሁ በአማራ ክልል በዳንግላ ወረዳ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ልክ እያነበቡ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን ከሌላ መረጃ ጋር አስተያይተው ለምርምር የሚበቃ ሆኖ አገኙት። በሰሜን አሜሪካም በ1900 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት 27 ሰዎች ወፍ ሊቆጥሩ ወጡ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የወፍ ዘር መብዛትና መመናመን ከሚታወቅባቸው መዝገቦች አንዱ እሱ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። አፉና ግርጌው እኩል የሆነ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። ጣሳው ከጣራ ጠፈጠፍና ከዛፍ ርቆ፣ እንዳይወድቅ ተደግፎ ይቀመጣል። ጠዋት በ3 ሰዓት የውሃው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይጻፋል፤ ከዚያ ውሃው ይደፋል። 20 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር ወረደ ማለት ነው። 50 ካሬ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። የስንት ቤት ጣራ ወደ አንድ መንገድ እንደሚያፈስ አስቡት!

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ያልዘነበ ቀን ዜሮ ይጻፍ። ያልተለካ ቀን ደግሞ «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ማንም በግምት ቁጥር እንዳይሞላ። ቦይ እንዲሠራልን ብለን ዝናቡን ብናበዛው፣ አንዷ ውሸት ስትገኝ መዝገቡ በሙሉ ይወድቃል። ሽማግሌዎቻችንም እንደገና ያፍራሉ።

ስለዚህ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው ሰፈር አንዳንድ መለኪያ እንዲቀመጥ ታስቧል። አንዱ ለቅሶ ወይም ገበያ ቢሄድ ሌላው እንዲተካው ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቁጥር ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁሉ ይችለዋል። እናቶችም ተማሪዎችም ኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ሰኔ ሳይገባ ጸሐፊው ዘንድ ቀርባችሁ ተመዝገቡ። የየሳምንቱ ልክ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌዎቻችንን ስንልክ ደብተር አስይዘን እንላካቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ