ባለ ጎማው ቤትና የጭልሞ ጥላ

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሣ። አንድ የጊንጪ ወይም የአምቦ ቤተሰብ፣ አባት እናት ከነልጆቹ፣ ፍራሽና ምጣድ ጭኖ ጭልሞ ደን ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ ቢመለስ ምን ይባላል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ምን ነክቷቸው ነው?» ይባላል። አክስት ትደውላለች፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ምናልባትም ጠበል ይታዘዝላቸዋል።

ይህን ጥያቄ ያመጣብን ከወደ አሜሪካ የደረሰን ወሬ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ እህት ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ያ አካባቢ፣ ዴንቨርን ጨምሮ፣ አበሻ የሞላበት ነው። ባለፈው ክረምት እነሱ አርቪ የሚሉትን መኪና ተከራይተው ወደ ሮኪ ተራሮች ወጡ። አርቪ ለማታውቁት፦ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሽንት ቤትና መታጠቢያ በሆዱ የያዘ መኪና ነው፤ ባለ ጎማ ቤት በሉት። ለቤተሰቡ የመጀመሪያቸው ነበርና እንደ መጀመሪያ ነገር ሁሉ በትርምስ ተጀመረ። ጋሼ የመኪናውን ቁመት ረስቶ የነዳጅ ማደያውን ጣሪያ ሊገጨው ለጥቂት ነው የተረፈው። እትዬ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ እንጀራ ጠቅልላ ነበር የወጣችው። ለካ እዚያ ጫካ ምግብ ውጭ ጥሎ መተኛት ክልክል ነው፤ ድብ ይመጣል። (ድብ ዶሮ ወጥ ይወዳል አይወድም የሚለው ክርክር በስልክ ሃያ ደቂቃ በልቷል።) በሦስተኛው ቀን ልጆቹ አንመለስም ብለው አለቀሱ።

የነገሩ ጣዕም ግን ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ትሬይል ሪጅ የሚባል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 የተከፈተ መንገድ አለ። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,713 ሜትር ይደርሳል፤ ክረምታቸው ሲገባ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ጋሼ ከዚያ ፎቶ ልኮ «የዓለም ጣሪያ ላይ ነን» አለን። እኛ ደግሞ አገር ወዳዶች ነንና ወዲያው መለስንለት። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ መንገዱ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ በመኪና ይወጣል። የእናንተ ጣሪያ ለእኛ ወለል ነው አልነው። ትንሽ ቆይቶ «እሺ፤ ታዲያ እናንተ ልጆች ስንት ሌሊት አደራችሁበት?» የሚል መልስ መጣ።

እኛ ሰባት ነን። ከሰባታችን ሳነቴን የረገጠ አንድ ነው፣ እሱም ለሥራ ሄዶ። ጭልሞን የምናውቀው ሦስታችን፣ ያውም እዚያው ጊንጪ ስለተወለድን።

«ገንዘብ የለንማ» የሚል እንዳለ እናውቃለን። ገንዘቡ በእርግጥ የለም። አርቪ አስመጥቶ ቀረጡን የሚከፍል የመንግሥት ሠራተኛ እስካሁን አላየንም፤ በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባትም ተከልክሏል። ነገር ግን መንገድ ላይ ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውን ሕዝብ ተመልከቱ። ሚኒባስ በማኅበር ይከራያል፤ ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን ይታሰራል፤ ውስጥ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሕፃን፣ አያት። ይሄ አርቪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር ከነረዳቱ ጋቢና ውስጥ ሲያድር፣ ቡናውን ከጎማው ጥግ ሲያፈላ ስንት ዘመኑ? ጠበል የወረደው ሰው ወር ሙሉ በላስቲክ ቤት ይከርማል። ማደሩንማ እናውቅበታለን። የምናድረው ግን ለስለት፣ ለሥራ፣ ለበሽታ ነው። ልጆቻችን ወፍ እንዲሰሙ ብሎ ማደር ገና ስም አልወጣለትም።

እትዬን ስንጠይቃት ደግሞ ከመኪናው ይልቅ ስለ ማደሪያው ነው ያወራችን። ቁጥር የተጻፈበት ደልዳላ ቦታ፣ ቀድሞ ተከፍሎ ያለቀ ዋጋ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ሽንት ቤት፣ የመኪናው ቆሻሻ የሚደፋበት ጉድጓድ፣ እሳት የሚነድበት የብረት ቀለበት፣ ዞር ዞር የሚል ጠባቂ። አርቪ የሚባለው ነገር ግማሹ መኪናው ነው፤ ሌላው ግማሽ ይህ ቦታ ነው። መኪናውን መግዛት አንችልም፤ ቦታውን ማዘጋጀት ግን ይህን ያህል ከአቅም በላይ ነው?

ጭልሞን ለማታውቁት ትንሽ እንበል። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ፣ አዲስ ዓለምን አልፋችሁ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በደንዲ ወረዳ የሚገኝ ደን ነው፤ ከጊንጪ ብዙ አይርቅም። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት ያለበት፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት የደጋ ደን ነው። አዋሽ የሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚጀምረው ከዚህ አካባቢ ነው፤ አፋር በረሃ ገብቶ ለሚቀረው ውሃ እናቱ ይህ ደጋ ነው። በጥናቶች ላይ እንደሚጠቀሰው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ 22 ሺህ ሄክታር ገደማ የነበረው ደን ዛሬ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው የቀረው።

ያ ሩብም የተረፈው በአጋጣሚ አይደለም። ድሮ ነገሩ የዘበኛና የመጥረቢያ ድብብቆሽ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት መጥቶ ደኑን ከነዋሪው ጋር እንጠብቅ አለ። ገበሬዎቹ በየመንደራቸው ተደራጁ፣ ኋላም ከመንግሥት ጋር ተፈራርመው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ራሳቸው ይጠብቃሉ፣ ራሳቸው ይጠቀማሉ። ጭልሞ ከቦንጋ ጋር በሀገራችን ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ፈር ቀዳጅ ነው። ለእንግዳ ማደሪያ አስተናጋጅ ፈልጉ ቢባል ከእነዚህ ሰዎች የተሻለ ከየት ይመጣል?

ደግሞ መዝናኛ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ካለ ጊንጪን ይጠይቅ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው መካከል ሁለቱ የከተማዋ የኳስ ሜዳ ለባለሀብት መሰጠቱና የጭልሞ ደን ጉዳይ ነበሩ። ያ እሳት መላ ኦሮሚያን አዳርሶ፣ ስንት ወጣት ቀጥፎ፣ በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አስቀይሯል። አንድ ሜዳና አንድ ጥላ! ሰው የሚጫወትበትንና የሚያርፍበትን ሲወስዱበት እንደሚቆጣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ባለሥልጣን ያውቀዋል ብለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነገር የለም አንልም። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላለች፤ በገበታ ለሀገር ደግሞ መንገድና ሎጅ ተሠርቶላታል። ሐይቁን ላየ ሰው ይገባታል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ያ አልጋ ለአምቦ መምህር ደመወዝ ታስቦ የተዘረጋ አይደለም። እኛ የምንለው በጣም ርካሽ ነገር ነው፦ ደኑ ጠርዝ ላይ፣ አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ሃያ ድንኳንና አምስት ሚኒባስ የሚይዝ ሜዳ፤ አንድ ቧንቧ፣ አራት ሽንት ቤት፤ ዋጋው በሰሌዳ የተጻፈ፣ ደረሰኝ የሚቆረጥለት፣ ገቢውም ለገበሬዎቹ ማኅበር። እሳት ግን አይታሰብም። በበጋ የደረቀ ጥድ ክብሪት ነው፤ የሚመጣ ሰው ቡታጋዙን ይዞ ይምጣ፣ ላስቲኩንም ይዞ ይመለስ። ይህንን የማይቀበል እንግዳ ቤቱ ይቅር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ምዕራብ ሸዋ ሰላም አጥቷል። በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ገበሬው ተሠቃይቷል፤ መንገደኛ ታግቶ ቤተሰቡ ቤቱን እስከ መሸጥ ደርሷል። ብዙ ሹፌር ሲመሽ ከከተማ አይወጣም። ይህን እያወቅን «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጫካ እደሩ» ብንል ለሰው አናስብም ማለት ነው። አንልም። ግን ስለ ሰላም በተወራ ቁጥር የሚቆጠረው የተመለሰው ትጥቅና የተፈረመው ወረቀት ነው። እኛ ሌላ መለኪያ አለን፤ አንዲት የአምቦ እናት ልጆቿን ጭልሞ ውስጥ አስተኝታ እሷም እንቅልፍ የሚወስዳት ቀን። ሪፖርት የሚጽፉት ሰዎች ይህችንም አንድ መስመር ቢጨምሩልን።

እስከዚያው፣ መንገዱ ደህና በሆነበት ሰሞን፣ በቀን ሄዶ በቀን መመለስ አለ። መስከረም አጋማሽ ጭቃው ሲጠና አደይ ወጥቶ ጎበዝ ይመስላል ያ አገር። የጊንጪ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በእግር ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ማኅበሩም አንድ ገበሬ መድቦ ይሄ ዝግባ ነው፣ ይሄ ወይራ ነው፣ ይቺ የአዋሽ ምንጭ ናት ቢላቸው ከመጽሐፉ ይሻላል። ለእሱም የቀን አበል ይቆረጥለት፤ በነፃ አይሁን።