ሻምፒዮን ለማውጣት ያልተቋቋመው ክለብ

የሮጀር ፌደረር ስም በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ 20 ግራንድ ስላም ዋንጫዎቹ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ተሰጥኦው ነው። በስምንት ዓመቱ በር ከፍቶ ስለተቀበለው የባዝል ክለብ ብዙም አይወራም። ሊወራለት የሚገባው ግን እሱ ነው።

ክለቡ ኦልድ ቦይስ ይባላል። በ1894 ተቋቋመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እንግሊዝኛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን አዳዲሶቹን ስፖርቶች ወደ ስዊዘርላንድ ይዘው ከገቡት ዋነኞቹ እንግሊዛውያን ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የአልፕስ ተራሮች እንግዶች ነበሩ። "ኦልድ ቦይስ" በእንግሊዝ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች መጠሪያ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በበርን ከተማ የተመሠረተው ዝነኛው የእግር ኳስ ክለብ "ያንግ ቦይስ" የተባለውም ይህን የባዝል ስም በማየት ነው፤ አንጋፋዎቹ እዚያ ካሉ ወጣቶቹ እኛ ነን እንደማለት። ባዝሎችም ቢሆኑ የጀመሩት በእግር ኳስ ነው፤ ቴኒሱ ኋላ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለ ክለብ ለማቋቋም በስዊዘርላንድ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 60 እንደሚለው፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አባላቱ በጽሑፍ ባሰፈሩት መተዳደሪያ ደንብ ማኅበር የመሆን ፍላጎታቸውን ከገለጹ በዚያው የሕግ ሰውነት ያገኛል። ፋይል ይዞ መመላለስ የለ፣ ማኅተም መጠበቅ የለ። አባላት እኩል ድምፅ አላቸው። ከመካከላቸው አንድ አምስተኛው ከጠየቀ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። እድር ያለው አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ያው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መዋጮ ነው።

የሚገርመው፣ ፊፋና ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም የቆሙት በዚሁ አንቀጽ 60 ነው። ሕጉን በተሻለ የተጠቀመበት ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ፌደረር መጀመሪያ ራኬት የጨበጠው ወላጆቹን ባገናኛቸው በሲባ ኩባንያ የሠራተኞች ሜዳ ነበር። ከዚያ ኦልድ ቦይስ ገባ። ቁጡ ልጅ ነበር፤ ሲሸነፍ ያለቅሳል፣ ራኬት ይወረውራል። በመጀመሪያዎቹ የውድድር ጨዋታዎቹ በአንዱ 6ለ0፣ 6ለ0 ተቀጥቷል። ውጤት ብቻ የሚቆጥር ቤት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያኔ ያሰናብተው ነበር።

በክለቡ ካገኛቸው አሰልጣኞች አንዱ አውስትራሊያዊው ፒተር ካርተር ነው። ካርተር ባዝል የደረሰው ኮከብ ፍለጋ አይደለም። የስዊዘርላንድ ክለቦች በየዓመቱ በሚያደርጉት የቡድን ውድድር ለኦልድ ቦይስ ሊጫወት መጣ፤ በዚያው ልጆቹንም እንዲያሠለጥን ተደረገ። የፌደረርን አጨዋወት ከቀረጹት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 2002 በደቡብ አፍሪካ በመኪና አደጋ ሞተ። ተማሪው ዊምብልደንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በዓመቱ ነው። በ2019 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ የካርተር ነገር ሲነሳ፣ የ37 ዓመቱ ፌደረር መናገር አቅቶት አለቀሰ።

ፌደረር በ1995፣ በ14 ዓመቱ፣ በሎዛን አቅራቢያ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥልጠና ማዕከል ሄደ። የስዊዘርላንድን ስኬት መቅዳት የሚሹ አገሮች ዓይናቸው የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ማዕከል እንገንባ፣ ባለሙያ እንቅጠር፣ ልጆችን እንመልምል ይላሉ። ነገር ግን ማዕከሉ የተረከበው ሌሎች ስድስት ዓመት የደከሙበትን ልጅ ነው። ያንን ስድስት ዓመት በጨረታ መግዛት አይቻልም።

በዚያው ክለብ አብሮት ያደገው ማርኮ ኪውዲኔሊ በዓለም ደረጃ ከ52ኛ በላይ አልወጣም። ሆኖም በ2014 የዴቪስ ዋንጫን ያነሳው የስዊዘርላንድ ቡድን አባል ነበር። ከሁለቱ ጋር ኳስ የመቱት ሌሎች ልጆች ደግሞ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ለአካዳሚ እነዚህ ኪሳራ ናቸው፤ ለክለብ ግን አባላት ናቸው። ቤቱን የሚያቆመውም የእነሱ መዋጮ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ባዝል የድሃ ከተማ አይደለችም። የመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ፣ የተረጋጋ ደመወዝ፣ ልጁን ወደ ሜዳ ለማድረስ ጊዜ ያለው ወላጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከጀርባ አሉ። መዋጮም ቢሆን የማይችለውን ሰው በር ላይ ያስቀረዋል። ሀብት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ግን የባሕረ ሰላጤው አገሮች እስካሁን በርካታ የዊምብልደን ሻምፒዮኖችን ባፈሩ ነበር።

የዛሬው የስዊዘርላንድ ክለቦች ጭንቀት ሌላ ነው። ሜዳ አለ፣ ደንብ አለ፣ ሕጉም እንዳለ ነው። እየጠፋ ያለው ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ ኮሚቴ የሚቀመጥ፣ የልጆችን ውድድር ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ነው።