የጾመኛ ማዕድና የሻጭ ቸልተኝነት

ጾም ከምግብ መከልከል ነው፤ ክፉ ምግብ መብላት ግን ጾም አይደለም። እነዚህ ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ነገሮች ሲሆኑ በዘመናችን ተቀላቅለው እንደ አንድ ነገር ሲቈጠሩ እናያለን። ሰው ስለ ነፍሱ ሲል ሥጋውን፥ ወተቱን፥ ቅቤውንና ዕንቁላሉን ትቶ በምግብ ቤት ገበታ ሲቀርብ፥ እርሱ የተወው ሳይበቃ ባለ ምግብ ቤቱ ደግሞ በበኩሉ ጣዕሙንና ትኩስነቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ንጽሕናውን ያስተወዋል፤ የተረፈውንም በሙሉ ዋጋ ይሸጥለታል። ጾመኛውም ማጉረምረም ጾሙን የሚያፈርስበት እየመሰለው ዝም ብሎ በልቶ፥ ዝም ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ይህ ዝምታ ትሕትና ነው ወይስ ቸልተኝነት? አንባቢ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው አዘዞንና ማክሰኝትን አልፎ እንፍራንዝ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዲስ ዘመን፥ በወረታና በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። እንፍራንዝ የመንገደኛ ከተማ ናት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን መኪና ይቆምባታል፤ የራበውም ወርዶ ምሳ ይጠይቃል። በፍስክ ቀን የሆነ እንደ ሆነ አሳላፊው ጥብሱን፥ ቅቅሉን፥ ዱለቱን፥ ክትፎውን እንደ ውዳሴ በቃሉ ይዘረዝርለታል። ረቡዕ ወይም ዓርብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ አንደበት ይታሰርና «ሽሮ አለ፥ በያይነቱ አለ» በሚሉ በሁለት ቃላት ነገሩ ያልቃል። በያይነቱም ሲቀርብ ስሙ ብቻ ብዙ ነው፤ ምስሩ ውኃ፥ ጎመኑ የትናንት፥ ድንቹ ያልበሰለ፥ ሽሮውም ከጠዋት ጀምሮ በእሳት ዳር ቆሞ የጠጠረ ይሆናል። ይህም የእንፍራንዝ ብቻ ነውር አይደለም፤ በጣና ዙሪያ ባሉት ከተሞች ሁሉ፥ በአዲስ አበባም ሳይቀር የሚታይ ነው። እንፍራንዝን ያነሣሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ይህ አገር ስለ ጾም ምን እንደ ከፈለ ታሪክ ያውቃል። በእንፍራንዝ አጠገብ በጉዛራ የቆመው፥ ጣናን ቁልቁል የሚመለከተው ግንብ የ16ኛው መቶ ዓመት የአፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ መሆኑ ይነገራል። ከርሳቸው በኋላ በነገሡት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮም ሃይማኖት በአዋጅ በገባ ጊዜ፥ ሕዝቡን ካስቈጡት ነገሮች አንዱ የአባቶቹ የጾም ሥርዓት መለወጡ ነበረ። ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። እንግዲህ የረቡዕ ጾም እንዳይቀርበት በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ልጅ፥ ዛሬ የረቡዕ ማዕድ በገዛ አገሩ እንዲህ ተዋርዶ ሲያይ ምንም አለማለቱ አያስገርምምን?

ነገሩ ጥቂት ቀን የሚቆይ ቢሆን ኖሮ ታግሦ ማለፍ በተቻለ። ነገር ግን ቀኖቹን እንቍጠር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ነነዌ 3 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከ40 ቀን ያላነሰ ነው፤ የሐዋርያት ጾም በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ገሃድም አለ። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ለምእመናን ከ180 ቀን ያላነሰ፥ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ 250 ቀን ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጾመኛ ለምግብ ቤት አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን የዓመቱን እኩሌታ ገበያ የያዘ ደንበኛ ነው። የዓመቱን እኩሌታ ገበያ የሚንቅ ነጋዴ በሌላ ዕቃ ላይ ቢሆን ኖሮ በከሰረ ነበር፤ በዚህ ላይ ግን የማይከስረው ጾመኛው ወዴትም እንደማይሄድበት፥ ቢሄድም ሌላ ዘንድ ያንኑ እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው።

በጣና ዳር ደግሞ ለዚህ ስንፍና አንድ መሸሸጊያ ተገኝቶለታል፤ እርሱም ዓሣ ነው። ጾመኛው «ምን የጾም አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ አሳላፊው ፈጥኖ ቀረሶና አምባዛ መኖሩን ይነግረዋል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ነገር ግን በጾም ዓሣ የማይቀምሰው ሕዝብ እጅግ ብዙ መሆኑን ባለ ምግብ ቤቱ ያውቃል። ያውቃልና ዓሣውን በሎሚና በቃሪያ አሳምሮ፥ በትልቅ ሳህን አድርጎ ያቀርባል፤ ዓሣ ለማይበላው ግን ያንኑ የጠጠረ ሽሮ ያመጣለታል። እንግዲህ ጾሙን አጥብቆ የያዘው ሰው ስለ መጠንቀቁ እንደሚቀጣ ሆነ ማለት ነው።

እናቶቻችን ግን እንዲህ አላደረጉም። ከሽምብራ ዱቄት ዓሣ ሠርተው፥ በዘይት ጠብሰው፥ በቁሌት አብስለው «የሽምብራ ዓሣ» ብለው አቀረቡልን። ሱፉን ቆልተው፥ ወቅጠው፥ አጥልለው ነጭ ወተት የሚመስል ፍትፍት አደረጉት። የባቄላውን ዱቄት አብስለው፥ በስናፍጭ አሹፈው፥ ቀን ቈጥረው ስልጆ አወጡ። እልበቱን፥ አዚፋውን፥ ቡቲቻውን፥ የተልባውንና የኑጉን ፍትፍት ማን ይቈጥረዋል? አስተውሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ የሆነ ቅመም ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ የለም። የጾም ምግብ ዋጋው በዕቃው ሳይሆን በድካሙና በዕውቀቱ ነው፤ ባልትና ያሉትም ይህንኑ ነው። የሥጋ ወጥ ሰነፍን ይታገሣል፤ ቅቤ ብዙ ነውር ይሸፍናልና። የጾም ወጥ ግን ምንም አይሸፍንም፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ከገባበት፥ በርበሬውም ሳይቁላላ ውኃ ከተጨመረበት ወዲያውኑ ምስክርነቱን ይሰጣል። የወጥ ሠሪ ሙያ መፈተኛው እንግዲህ የፋሲካ ዶሮ ሳይሆን የዓርብ ምስር ነው።

ዕቃውም ከደጃችን ነው። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ሽምብራ ይዘራል፤ የፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም፥ ሩዝም ሳይቀር ያበቅላል፤ ኑጉም ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ይመጣል። በእንፍራንዝ የተቀመጠ ባለ ምግብ ቤት ከማሳው ወደ ድስቱ ያለው ርቀት የአንድ ገበያ መንገድ ብቻ ሲሆን፥ «የጾም ነገር ምን አለ ብለህ ነው» ማለቱ በምድሪቱ ላይ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ነው።

ከጣዕሙ ይልቅ የሚከፋው ግን እውነት መጉደሉ ነው። አንደኛ፥ ቅቤ የነካው ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ በዶሮ ወይም በበሬ ጣዕም የተሠራው የወጥ ማጣፈጫም «የጾም ነው» ተብሎ ሽሮው ውስጥ ይሟሟል። ሁለተኛ፥ ሽሮው ከምን እንደ ተፈጨ የሚጠይቅ የለም። ጓያ ከሽምብራ ስለሚረክስ ከሽሮ ጋር መደባለቁ የታወቀ ነገር ነው። አንድ ቀን ቀምሶት የተጎዳ ሰው ባይኖርም፥ በችግር ዘመን ጓያን ለብዙ ወራት የዘወትር ምግባቸው ያደረጉ የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች እግራቸው ሰልሎ መቅረቱን ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። የዓመቱን እኩሌታ ሽሮ የሚበላ ሰው የሽሮውን ምንነት ማወቅ መብቱ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር፤ ጾመኛም ሸማች ነው።

ሌላም አለ። ሥርዓቱን በሚገባ የሚጠብቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ በዐቢይ ጾምም ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ወደ ማታ ይወጣል። በምግብ ቤት ግን የጾሙ ወጥ በጠዋት ተሠርቶ ለስድስት ሰዓት ይቀርባል። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የበላው ከሁሉ የተሻለውን ሲያገኝ፥ ከሁሉ ይልቅ የጾመው ሦስት ጊዜ የሞቀውን ይበላል። በጾም ወራት ለዘጠኝ ሰዓት አንድ ትኩስ ድስት መጣድ ይህን ያህል ከባድ ነውን?

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይመልሱልኛል። የፊተኛው ነጋዴው ነው። «ዘይት ተወደደ፥ ከሰል ተወደደ፥ ጾመኛ ደግሞ ርካሽ ይፈልጋል» ይላል። ዘይት መወደዱ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የፍስኩ ጥብስ በዚያው ዘይት፥ በዚያው ከሰል ይሠራል፤ ውድነቱ ጣዕሙን የወሰደው ለምን ከጾመኛው ድስት ብቻ ሆነ? ቁሌትን በዝግታ ማብሰል፥ ምስርን ማጠብ፥ ጎመንን በዕለቱ መቀንጠስ ዘይት አይጠይቅም፤ እጅና ሐሳብ ይጠይቃል እንጂ። በዚህ መንገድ ላይ እንኳ ይህን አውቀው፥ በትንሽ ቤት፥ በአንድ ምድጃ፥ የሚያስመሰግን የጾም ማዕድ የሚያቀርቡ እናቶች አሉ። እነርሱ ከቻሉ ፎቅ የሠራው ምነው አልቻለም?

ሁለተኛው መልስ ሰጪ መንፈሳዊ መስሎ ይመጣል። «ጾም ሥጋን ለማድከም ነው፤ ጣፋጭ መፈለግ ሆዳምነት ነው» ይላል። ይህ ቃል ራሱን ለሚገዛ ሰው በራሱ ላይ ቢናገረው መልካም ነው፤ ሻጭ በገዢው ላይ ሲናገረው ግን ሌብነት ነው። መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰውዬው ነው እንጂ ባለ ምግብ ቤቱ አይደለም። ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ በመረጡ ጊዜ፥ ከ10 ቀን ፈተና በኋላ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። ጠባቂው «የጾመኛ ነው» ብሎ የነቀዘ ጥራጥሬ ሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ምስክርነቱ ከየት በመጣ? የዋልድባ መነኮሳትም እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሙዝ የሚሠራው ቋርፍ ነው። ነገር ግን ያንኑ ቋርፍ የሚያዘጋጁት በሥርዓትና በጥንቃቄ፥ እንደ ጸሎት አድርገው ነው። ትሑት ምግብና የተናቀ ምግብ አንድ አይደሉም።

ዓለሙንም እንይ። በእንግሊዝ አገር ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በ1847 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ማኅበር አቋቁመዋል። የተባበሩት መንግሥታት 2016ን እንደ እነርሱ አቈጣጠር የጥራጥሬ ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። በሕንድ አገር የታሸገ ምግብ ሁሉ ሥጋ የሌለበት መሆኑ በአረንጓዴ ምልክት እንዲታወቅ ሕግ ያስገድዳል። በዋሽንግተንና በለንደን ያሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ደግሞ የእኛኑ በያይነቱ ያቀርባሉ፤ ጾም ምን እንደ ሆነ የማያውቀው ፈረንጅ ከሩቅ መጥቶ፥ ወረፋ ጠብቆ ይበላዋል፤ አመስግኖም ይሄዳል። ያው ምስር፥ ያው ጎመን፥ ያው ሽሮ ነው። በባዕድ አገር ክብር ያገኘው ማዕድ በተወለደበት አገር እንደ ቅጣት መቅረቡ እጅግ ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እናንተ ባለ ምግብ ቤቶች ሆይ፥ ለጾም የተለየ ድስት፥ የተለየ ጭልፋና የተለየ ቢላዋ ይኑራችሁ፤ ሽሮው ከምን እንደ ተፈጨ፥ ዘይቱም የምን እንደ ሆነ ለሚጠይቃችሁ በእውነት ንገሩ፤ ከአሥር ክፉ ዓይነት ሦስት መልካም ዓይነት ይሻላልና የምትችሉትን ብቻ፥ አሳምራችሁ ሥሩ። እናንተ አባቶች ሆይ፥ ስለ ጾም ስታስተምሩ ለጾመኛው ብቻ ሳይሆን ለጾመኛው ምግብ ለሚሸጠውም አስተምሩ፤ የሐሰት ሚዛን ኃጢአት ከሆነ የሐሰት ድስትም ኃጢአት ነውና። እኛም ተመጋቢዎች የቀዘቀዘው ሲቀርብልን በጨዋነት እንመልስ፤ መልካም የሠራችውንም እናት በስሟ ጠርተን እናመስግን፤ ለሌላው መንገደኛም ቤቷን እናመልክት። በቍጣ ጾምን ማፍረስ አይገባም፤ በጨዋ ቃል እውነትን መናገር ግን ጾምን አያፈርስም።

የጾመኛው ድርሻ መተው ነው፤ የሻጩ ድርሻ ደግሞ ለተቀበለው ገንዘብ የሚገባውን መስጠት ነው። ሁሉም ድርሻውን የጠበቀ እንደ ሆነ፥ በእንፍራንዝ የሚያልፍ መንገደኛ ረቡዕ ቀን ከገበታው ሲነሣ እግዚአብሔርን ማመስገን ብቻ ሳይሆን ወጥ ሠሪዋንም «እጅሽ ይባረክ» ማለት ይችላል። ለዚህ ያብቃን።